ሣጥን ውስጥ የከረሙ ደብተሮች

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ነጭ ጋዋኔን ስፈልግ ልጄ ደረሰችብኝ። «እማዬ፣ ተረኛ እኮ አይደለሽም» አለችኝ። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ሌሊት መነሣት የለመደ ሰውነት፣ የጡረታ ደብዳቤ ስለደረሰው ብቻ አይተኛም። የመሐል ሜዳ ሌሊት ደግሞ ረጅም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሜዳውን ሲያነጣው ሁለት ባና ተደራርቦም እግር አይሞቅም። እንቅልፍ እንቢ ባለኝ በአንዱ ሌሊት መብራት አበራሁና ከአልጋው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን ሳብኩት።

ውስጡ አሥራ አንድ ደብተር ነበር። የበሽተኛ መዝገብ አይደሉም፤ መዝገብ የጤና ጣቢያው ንብረት ነው፣ ከዚያ አይወጣም። እነዚህ ከሥራ ስመለስ በኩራዝ ብርሃን የሞነጫጨርኳቸው የራሴ ጽሑፎች ናቸው። በ1976 በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ወደ ደጋው ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን መጽሐፍ ይወጣቸዋል ብዬ አስብ ነበር። ግማሾቹ ታሪክ ጀምረው መሐል ላይ ቀርተዋል። የአንዱን ጠርዝ አይጥ በልታዋለች። መርሐቤቴ ሳለሁ፣ ከጀማ ወንዝ በኩል የወባ በሽተኛ በሚጎርፍበት ጊዜ የጻፍኩት ደግሞ እርጥበት ገብቶት ገጾቹ ተጣብቀው ነበር። እሱን ከሚፈላ ድስት እንፋሎት በላይ ይዤ አንድ በአንድ አላቀቅሁት። እንዲህ ያለ ደብተር ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እንፋሎቱን ይችላል፣ የብልቃጥ ቀለም ግን ይፈስሳል።

ዓመቱን እነሱን እንደ አዲስ ስጽፍ ከረምኩ። ጠዋት ቡና ከተጠጣ በኋላ እቀመጣለሁ፤ የጻፍኩትን ማታ ልጄ በኮምፒውተር ትገለብጠዋለች። መጀመሪያ ላይ ሥራው ደስ ይል ነበር። ችግሩ የመጣው ማስተካከል ስጀምር ነው። ያቺ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የማታውቀውን ሁሉ እንድታውቅ አደረግኋት። የፈራችበትን ቦታ አወጣሁት። በየገጹ ብልህ ሆነች። አንድ ማታ ልጄ ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ «እማዬ፣ እዚህ ላይ የምትናገረው ማናት? ያቺ ገና የተመረቀችው ናት ወይስ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን የጠየቀችኝ የ1977ቱ ደብተር ላይ ስንደርስ ነው። የዚያን ዓመት ድርቅ በመንዝና በግሼ የነበረ ሰው አይረሳውም። ሰው ከየቀየው ተፈናቅሎ በአንድ ጣራ ሥር ሲታጨቅ ተስቦና ግርሻ ተከትለው መጡ። ግርሻ በሰውነት ቅማል የሚተላለፍ በሽታ ነው። በብርዱ ምክንያት ልብስ አይወልቅም፣ አይታጠብም፤ ቅማሉም ይመቸዋል። ትኩሳቱ ለቀናት ያንቀጠቅጥና ይተዋል፤ ዳንኩ ሲሉ ከሳምንት በኋላ ያገረሻል። ስሙም ከዚያው ነው። መድኃኒት አለው፤ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይመታዋል። ተንኮሉ ግን መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲያልቁ በሽተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። በእነዚያ ሰዓታት አጠገቡ ሰው መኖር አለበት፤ ግሉኮስም መዘጋጀት አለበት።

ደብተሩ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው። ማክሰኞ፣ ልጁ ሌሊት ሞተ ይላል።

እረኛ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ታናሽ እኅቱ ነበረች ይዛው የመጣችው። ማታ መርፌውን ወጋሁት። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም ነበርና ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ይህንን አራት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ላይ የተቻለንን ሁሉ አደረግን አልኩ። በሁለተኛው ስለ ድካሜ፣ ስለ በሽተኛው ብዛት፣ ስለ ግሉኮስ እጥረት ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን የተደረደረው እኔን ለማዳን ነበር። ሦስተኛውን ቀደድኩት። አራተኛው አጭር ነው፤ መርፌ የወሰደን የግርሻ በሽተኛ መጠበቅ እንደሚገባኝ ተምሬ ነበር፣ ሄጄ ተኛሁ ይላል።

ብራና የሚጽፉ ጎረቤቴ ቄስ ናቸው መንገዱን ያሳዩኝ። ጸሐፊ ቃል ሲሳሳት በቢላ ይፍቀዋል። የዘለለው ቃል ካለ ግን መስመሩን ሳይነካ ከበላዩ በደቃቅ ፊደል ይጨምረዋል። «የተፋቀ ቦታ ግን ሸካራ ነው፤ ጣትዎን ቢያስኬዱበት ያውቁታል» አሉኝ። እኔም የድሮውን አልፋቅሁም። የያኔዋ ልጅ የጻፈችው እንዳለ ሆኖ የዛሬው ቃሌ ከጎኑ በሌላ ቀለም ተጻፈ።

በመዘግየቴም እፍረት ይዞኝ ነበር። በአርባ ዓመቱ ደብተር የሚፈታ ማን አለ? ግን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ኢየሩሳሌም ላይ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ሲሠሩበት ኖሩ። እሳቸውም በ1936 ዐረፉ። መጽሐፉን በ1948 ለማተሚያ ያበቁት ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የእኔ ደብተር ከዚያ ጋር የሚወዳደር ሆኖ አይደለም፤ ግን የከረመ ጽሑፍ ሁሉ የሞተ እንዳልሆነ ከእነሱ ተማርኩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የልጁ እኅት ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ በገበያ ቀን ዝተት ትሸጣለች። ስሙንም ቀበሌውንም ለውጬ ስለጻፍኩት ማንም አያውቅም ብዬ ልተወው ነበር። እንቅልፍ ደግሞ እንቢ አለኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኛ መርፌው ገደለው ብለን ነው የኖርነው» አለችኝ። «እናቴ ከዚያ ወዲህ ልጅ አዝላ ጤና ጣቢያ ደጅ አልረገጠችም። ሁለቱን በኩፍኝ ቀበረች።»

ይህ በየትኛውም ደብተሬ ላይ አልነበረም። የዚያኑ ቀን ማለዳ እናቱን ቁጭ አድርጌ ምን እንደሆነ ብነግራት ኖሮ እላለሁ፤ እስካሁንም እላለሁ።

ልሄድ ስነሣ «ስሙንስ ጻፉት?» አለችኝ። መለወጤን ነገርኳት።

«ለምን? ስሙ ይጻፍ እንጂ።»

ጋዜጣ ላይ አላወጣውም፤ እሷም ያለችው ስለ ደብተሩ ነው። ደብተሩ ላይ ግን ከዚያች መስመር በላይ፣ በደቃቁ፣ ከነአባቱ ስም ጻፍኩት። አሁን ሰባተኛው ላይ ነኝ።