የደሴት ጨዋታና ዐውሎ ነፋስ

ልጆቻችን በጨዋታ ያቀኑትን ደሴት ዐውሎ ነፋስ ሲያፈርስባቸው ተቈጥተው እንደሚተዉት እናያለን። ዶን ዳግሎው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሠራው «ዩቶፒያ» ከዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንዲት ደሴት ያስተዳድራሉ። የዝናቡ ደመና እርሻውን አጠጥቶ ወርቅ ያስገኛል፤ ዐውሎ ነፋሱ ግን ሰብሉንና ሕንፃውን ያጠፋል፤ ምሽግም አይመልሰውም። እርሻ 3፣ ሆስፒታል 75 ወርቅ ያስወጣል። እንግዲህ ወርቁን ሁሉ በሕንፃ የጨረሰ፣ ነፋሱ ካለፈ በኋላ የሚዘራበት ያጣል፤ ጥቂት ያስቀረ ግን ወዲያው ይዘራል። ዮሴፍም በግብፅ በጥጋቡ ዘመን እህል ያከማቸው ራቡን ለማስቀረት ሳይሆን ሕዝቡን ከራብ ለማትረፍ ነበር። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችን ሲያዝን «ጨዋታ ነው» ብለን አንለፈው፤ «ለክፉ ቀን ምን አስቀርተህ ነበር?» ብለን በፍቅር እንጠይቀው።