ያለ ተርቦ 300 ፈረስ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሰጥቷችሁ፣ ሲሊንደሩን ይህ ነው በሚባል መጠን ሳታሰፉ፣ ተርቦም ሳትገጥሙ 300 አድርሱት ብትባሉ፣ ቀሪውን 100 ፈረስ ከየት ታመጡታላችሁ? ተርቦ ቢፈቀድ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ተርቦ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ አየሩን በግድ ይነፋዋልና። ያለ እሱ ግን ሞተሩ የሚያገኘው ራሱ የሳበውን ያህል ብቻ ነው። ጥያቄው ደግሞ የፈጠራ አይደለም። የመጀመሪያው የቢኤምደብሊው ኤም 3፣ መኪና ወዳዶች ኢ 30 የሚሉት፣ በእርግጥ ያለፈበት መንገድ ነው።

ሞተሩ የተጸነሰው በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሙኒክ ላይ ነው። የኩባንያው ሊቀ መንበር ኤበርሃርድ ፎን ኩንሃይም ለትንሿ የ3 ተከታታይ መኪና ኃይለኛ ሞተር እንዲሠራ መሐንዲሱን ፓውል ሮሼን ጠየቀው። ሮሼ በካም ሻፍት አዋቂነቱ ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ነበር። ኤም 1 የተባለችው የስፖርት መኪና ከምትጠቀምበት ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ቴስታውን ወሰደና የሁለቱን ሲሊንደሮች ያህል ቆርጦ ጣለው። የተከፈተውን ጎን በሰሌዳ ደፍኖም ከባለ 4 ሲሊንደር ብሎክ ጋር አጋጠመው። የሙከራ ሞተሩ በሁለት ሳምንት ደረሰ! የብሎኩ ዘር ከ1962 ጀምሮ በተራ የቤተሰብ መኪኖች ውስጥ ሲያገለግል የኖረ ነው። በተርቦ ተነፍቶ በ1983 ኔልሰን ፒኬን የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ያደረገውም ያው ዘር ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ኤስ 14 የተባለው ይህ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 93.4 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 84 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከኤም 1 ጋር አንድ ዓይነት። ለመንገድ ሲሸጥ በደቂቃ 6,750 ዙር ላይ 200 ፈረስ ይሰጥ ነበር። በ1987 ለውድድር የተዘጋጀው ደግሞ 8,200 ዙር ግድም ላይ ወደ 300 ደረሰ።

አሁን ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው። ጉልበት ማለት የመጠምዘዝ ኃይል በዙር ብዛት ሲባዛ ነው። ዙሩ ከ6,750 ወደ 8,200 ሲወጣ 1.21 እጥፍ ሆኗል። ጉልበቱ ግን 1.5 እጥፍ አድጓል። ስለዚህ የመጠምዘዝ ኃይሉም በዚያ ከፍታ ላይ 1.24 እጥፍ መሆን አለበት። ትርፉ ለሁለት እኩል ሊባል በሚችል መልኩ ተከፍሏል፦ አንዱ እጅ ቶሎ ከመሽከርከር፣ ሌላው እጅ በየዙሩ አብልጦ ከመተንፈስና የተነፈሱትን አጥብቆ ከማቃጠል የመጣ ነው።

መተንፈሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ዋናው ጥበብ እዚህ ነው ባይ ነኝ። 1 ግራም ቤንዚን በሙሉ ለማቃጠል 14 ተኩል ግራም ግድም አየር ያስፈልጋል። ቤንዚን መጨመር ለማንም አያቅትም፤ ጭንቁ አየሩ ነው። በ8,200 ዙር ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚወርድበት ጊዜ ከሰከንድ 4 ሺሕኛ ያነሰ ነው። በዚህች ቅጽበት ግማሽ ሊትር የሚበልጥ አየር መግባት አለበት። ለዚህ ነው በአንድ ሲሊንደር 4 ቫልቭ የሚደረገው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደርም የራሱ አየር መቆጣጠሪያ ክዳን የተሰጠው።

ሮሼን ያስጠራው ካም ሻፍት ደግሞ ቫልቮቹ መቼ ተከፍተው መቼ እንደሚዘጉ ይወስናል። የውድድር ካም መምጠጫውን ቫልቭ ቀደም ብሎ ይከፍታል፣ ዘግይቶ ይዘጋል። ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላ እንኳ አየሩ በያዘው ፍጥነት መግባቱን ይቀጥላል። ማስወጫውና መምጠጫው አብረው ክፍት የሚሆኑበት ቅጽበትም አለ። የተቃጠለው ጋዝ በጭስ ቱቦው ሲወነጨፍ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ይተዋል፤ የቱቦዎቹ ርዝመት በትክክል ከተመረጠ ይህ ዝቅተኛ ግፊት ቫልቭ ላይ የሚደርሰው አዲሱ አየር ሊገባ ሲል ነው፤ ፒስተኑ ገና ሳይወርድ መሳብ ይጀምራል። በመምጠጫው በኩልም እንዲሁ የግፊት ማዕበል ይመላለሳል። ስለዚህ ጎበዝ ሞተር ሠሪ የቱቦ ርዝመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር እየለዋወጠ በመለኪያው ማሽን ላይ ደጋግሞ ይሞክራል። ቱቦ ሲያጥር ጥቅሙ ወደ ከፍተኛው ዙር ይሸሻል፣ ሲረዝም ወደ ታች ይወርዳል። ሁሉንም ዙር የሚያስደስት ርዝመት የለም።

ዙር መጨመር ደግሞ ዋጋ አለው። ፒስተኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል የሚያድገው በዙሩ ስኩዌር ነው፤ ከ6,750 ወደ 8,200 ሲወጣ ጭነቱ ግማሽ ያህል ይጨምራል። በላይኛው መመለሻ ላይ የፒስተኑ ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት 4,000 እጥፍ ግድም ይደርሳል። ግማሽ ኪሎ ብረት በዚያች ቅጽበት 2 ቶን ሆኖ ቢየላውን ይጎትተዋል ማለት ነው፤ ይህም በሰከንድ ከ130 ጊዜ በላይ። ገንዘባችሁ ለሁሉም ካልበቃ በመጀመሪያ ቀላል ፒስተን፣ ጠንካራ ቢየላና የቢየላ ቡሎን ግዙ፤ ካሙ ይቆያል። ዘይቱንም እንዳትረሱ፦ በኃይለኛ ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ብሮንዚናዎቹም ወዲያው ይቃጠላሉ። ስለዚህ የዘይት ገንዳው ውስጥ መከለያ ይሠራለታል።

እመቃውን ማሳደግም ጥሩ ትርፍ አለው፤ ግን ቤንዚኑ ካልቻለው የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳና ፒስተኑን ሊበሳ ይችላል።

የአዲስ አበባ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ለእናንተ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጀርመን ውስጥ 300 ፈረስ የተለካለት ይህ ሞተር እናንተ ጋ ሲመጣ 230 ግድም ቢሰጥ ጤነኛ ነው፤ ሜካኒኩን አትውቀሱት። ወናፍ ያለው ሞተር የጎደለውን ሊሞላ ይችላል፤ ይህኛው ግን አካባቢው የሰጠውን ብቻ ይተነፍሳል።

እንዲህ የተሠራ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ይንገዳገዳል፤ ለከፍተኛው ዙር የተመረጠው ካም ታች ላይ ትንፋሹን ይበትንበታልና። መድኃኒቱ የማርሽ ሳጥኑ ነው። ለአውሮፓ የተሸጠው ኤም 3 ባለ 5 ማርሽ የጌትራግ ሳጥን ነበረው፤ 1ኛው ማርሽ በስተ ግራ ወደ ታች፣ 2ኛና 3ኛው ፊት ለፊት በአንድ መስመር። 4ኛው 1.26፣ 5ኛው 1.00 ነው፤ በ8,200 ስትቀይሩ ዙሩ ወደ 6,500 ብቻ ይወርዳል፤ ሞተሩ ከሚወደው ክልል አይወጣም። ከ1ኛው ወደ 2ኛው ግን ከ3.72 ወደ 2.40 ነው፤ ዙሩ እስከ 5,300 ግድም ይወድቃል። ውድድር ላይ 1ኛው ማርሽ ለመነሻ ብቻ ይቀርና ትግሉ ከ2ኛው በላይ ይሆናል።