የሲሊንደሮች የመቀጣጠል ቅደም ተከተል፦ በሞተር ንዝረትና ጉልበት ላይ ያለው ድርሻና ወሰን

ባለ አራት ምት ሞተር አንድን የሥራ ዑደት የሚፈጽመው ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር፣ ማለትም በ720 ዲግሪ ነው። በዚህ ዑደት ውስጥ ሲሊንደሮች በየተራ የሚቀጣጠሉበት ሥርዓት የመቀጣጠል ቅደም ተከተል ይባላል። ይህን ተራ በመለወጥ ብቻ ንዝረትን ማስወገድ ይቻላል የሚለው ግንዛቤ ግን ሁለት የተለያዩ የንዝረት ምንጮችን ያደባልቃል፤ እነርሱም የጋዝ ግፊትና የሚመላለሱ አካላት የኢነርሺያ ኃይል ናቸው።

በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች ያሉት ሞተር በየ180 ዲግሪው ይቀጣጠላል። በተለመደው ክራንክሻፍት 1ኛውና 4ኛው ፒስተን አብረው ሲወጡ 2ኛውና 3ኛው አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ እኩል ልዩነት የሚሰጡት ተራዎች 1-3-4-2 እና 1-2-4-3 ብቻ ናቸው። 1-2-3-4 የማይሆነው 2ኛውና 3ኛው ተከታትለው ለመቀጣጠል 360 ዲግሪ ስለሚያስፈልጋቸው ነው።

ከሁለቱ የትኛውም ቢመረጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የኢነርሺያ ኃይል አይለወጥም። ቢየላው በማዕዘን ስለሚያጋድል ፒስተኑ በጉዞው የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ይበልጥ ይፈጥናል፤ ከዚህም በክራንክሻፍቱ ፍጥነት እጥፍ የሚመላለስ ኃይል ይፈጠራል፤ የአራቱም ፒስተኖች ኃይል ይደመራል። ለምሳሌ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ተመላላሽ ክብደት 0.5 ኪሎ ግራም፣ የክራንኩ ክንድ 43 ሚሊ ሜትር፣ ቢየላው 145 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በደቂቃ 6000 ዙር ላይ ድምሩ 10 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይደርሳል። መፍትሔው በእጥፍ ፍጥነት የሚሽከረከሩ የማመጣጠኛ ዘንጎች ናቸው።

ቅደም ተከተሉ በእርግጥ የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። የጋዝ ግፊት ክራንክሻፍቱን በየትኛው ጫፍ፣ መቼ እንደሚጠመዝዝ፣ ጭነቱም በኩሽኔታዎች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል በእርሱ ይታወቃል። ጉልበትንም የሚነካው በአየርና በጭስ ፍሰት በኩል ነው። የጭስ ቫልቭ ወደ 240 ዲግሪ ለሚጠጋ ጊዜ ክፍት ቢሆን፣ በ180 ዲግሪ የሚከታተሉ ሲሊንደሮች ለ60 ዲግሪ ያህል ጭሳቸውን በአንድነት ይለቃሉ። የአንዱ የግፊት ሞገድ የሌላውን መውጫ እንዳያውክ 1ኛው ከ4ኛው፣ 2ኛው ከ3ኛው ጋር በቧንቧ ይጣመራሉ፤ በእነዚህ ጥንዶች መካከል 360 ዲግሪ አለና።

የጄኔራል ሞተርስ ቪ-8 ሞተሮች የዚህን ወሰን በግልጽ ያሳያሉ። የቀድሞው ስሞል ብሎክ ተራ 1-8-4-3-6-5-7-2 ሲሆን፣ በ1997 የመጣው ኤል ኤስ 1 ግን 1-8-7-2-6-5-4-3 ይከተላል። 4 ከ7፣ 3 ከ2 ጋር ቦታ የተለዋወጡት 360 ዲግሪ የሚራራቁ ጥንዶች ስለሆኑ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው የካምሻፍቱና የማቀጣጠያው ሥርዓት ለውጥ እንጂ የክራንክ ክንዶች አቀማመጥ ለውጥ አይደለም። በግራው ረድፍ ጎን ለጎን የሚገኙና ተከታትለው የሚቀጣጠሉ ሲሊንደሮች ከኋላዎቹ 5 እና 7 ወደ ፊተኞቹ 3 እና 1 ተዛወሩ። ሆኖም በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጊዜ የሚከሰተው የተከታታይ ፍንዳታ አልጠፋም፤ ምንጩ የክራንክሻፍቱ ቅርጽ ነውና።

ስለዚህ በንድፍ ሥራ የክራንክሻፍቱ ቅርጽ ይቀድማል፤ ቅደም ተከተሉ ቅርጹ ከፈቀዳቸው ጥቂት አማራጮች ይመረጣል። ንዝረትን የሚመረምር ተመራማሪም አስቀድሞ ድግግሞሹን ለይቶ ምንጩን ማወቅ ይገባዋል።