የተምች መከላከያ ኬሚካል ፍቱንነት እንዴት ይፈተሻል?

የአሜሪካ መጤ ተምች በኢትዮጵያ መከሰቱ በ2009 ዓ.ም. ከታወቀ ወዲህ ለበቆሎ ማሳዎች የሚውል የፀረ ተባይ ኬሚካል ግዥ የግብርና መሥሪያ ቤቶችን ትኩረት ከሚሹ ሥራዎች አንዱ ሆኗል። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት አንድ ኬሚካል ከመመዝገቡ በፊት ፍቱንነቱ፣ ደኅንነቱና ጥራቱ መፈተሽ አለበት። ይሁንና በሪፖርት ላይ የሰፈረው መቶኛ እንዴት እንደተገኘ ያልተረዳ ኃላፊ የመንግሥትን ገንዘብም ሆነ የአርሶ አደሩን ምርት ለጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

ፍተሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቤተ ሙከራ ነው። በኬሚካል የተነከረ የበቆሎ ቅጠል ለአባጨጓሬዎች ይሰጥና እስከ 72 ሰዓት ድረስ የሞቱት ይቆጠራሉ። በውኃ ብቻ የተነከረ ቅጠል የሚመገቡ ሌሎች አባጨጓሬዎችም ለማነጻጸሪያ ይያዛሉ፤ ተባዩ ያለ መድኃኒትም ይሞታልና። ለምሳሌ ኬሚካል ካገኛቸው 100 አባጨጓሬዎች 55ቱ፣ ከማነጻጸሪያዎቹ 100 ደግሞ 10ሩ ቢሞቱ፣ ኬሚካሉ የገደለው በሕይወት ይቆዩ ከነበሩት 90 ውስጥ 45ቱን ነው። ስለዚህ ፍቱንነቱ 55 ሳይሆን 50 በመቶ ይሆናል። ስሌቱ አቦት የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1925 ያቀረቡት ነው።

በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ተካሂዶ በ2011 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ራዲያንት፣ ትሬሰር፣ ካራቴና አምፕሊጎ በቤተ ሙከራ በ72 ሰዓት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ሲገድሉ፣ ማላታዮን 51.7፣ ካርባሪል ደግሞ 28 በመቶ ብቻ ገድለዋል። ከኒም፣ ከእንዶድና ከቁንዶ በርበሬ ዛፍ የተዘጋጁት ውህዶች ከ95 በመቶ በላይ መግደላቸው ብዙዎችን ሳያስገርም አልቀረም። በግሪንሃውስ በተደረገው ሙከራ ግን ካርባሪልን ጨምሮ የተፈተሹት ኬሚካሎች በሙሉ ካልተረጨው በቆሎ ጋር ሲነጻጸሩ የቅጠሉን ጉዳት ቀንሰዋል። የቤተ ሙከራ ደረጃ ብቻውን ለግዥ ውሳኔ እንደማይበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በማሳ ላይ ሁኔታው ይበልጥ ይወሳሰባል። አባጨጓሬው ስድስት የዕድገት ደረጃዎች አሉት፤ ከፍ ሲል ገና ባልተዘረጉት የመሀል ቅጠሎች ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ ይሸፈናል። ርጭት ከዘገየ በቤተ ሙከራ የተመሰገነው ኬሚካል እንኳ በቀላሉ አይደርስበትም። ሪፖርቱ በርጭቱ ወቅት አባጨጓሬዎቹ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደነበሩ ካልገለጸ ጉድለት አለበት። ተባዩ በማሳው ላይ እኩል ስለማይሰራጭም እያንዳንዱ ኬሚካል በዕጣ በተመረጡ በርካታ መደቦች ላይ ይሞከራል። ሳይረጭ የሚተው መደብ ለጎብኚ ቸልተኝነት ሊመስል ቢችልም ያለ እርሱ ማነጻጸር አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ በተደረገ አሰሳ ኮቴዢያ አይሲፔ የተባለች ጥቃቅን ተርብ ከተሰበሰቡት የመጤ ተምች አባጨጓሬዎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ በሚሆኑት ላይ ጥገኛ ሆና ተገኝታለች። ብዙ ዓይነት ነፍሳትን የሚገድል ኬሚካል ይህችንም ተርብ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ በማሳ ፍተሻ ወቅት ከሞቱት ተምቾች ጎን ለጎን የተረፉት ተርቦችም ሊቆጠሩ ይገባል።