ከደጃችን የወጣ ቆሻሻ የት ይደርሳል?

ቤቷን ጠርጋ፣ ዕቃዋን አጣጥባ፣ ጥራጊውን በጆንያ አስራ ከደጅ ያወጣች እናት የዕለት ሥራዋን እንደ ፈጸመች ትቆጥራለች። ይሁን እንጂ ቆሻሻው ከእርሷ ወደ ሌላ ሰው ተላለፈ እንጂ አልጠፋም። በመጀመሪያ የሚረከቡት በየቤቱ እየዞሩ የሚሰበስቡ የማኅበራት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደ እኛው ልጆች የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው።

የመጨረሻውን ማረፊያ ለመረዳት ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰውን አደጋ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ቅዳሜ ምሽት ረጲ አካባቢ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ፣ ለ50 ዓመታት ያህል ሲከመር የኖረው ቆሻሻ ተደርምሶ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያ ክምር ከየቤታችን በጆንያ እየታሰረ የሄደ ነው።

በከተማችን ከየቤቱ የሚወጣው ጥራጊ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ። ይህ እርጥብ ጥራጊ አየር በማያገኝበት ክምር ሥር ሲቀበር ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጥራል። ከደረቁ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ሊጠቅም የሚችለውን ያበላሻል፤ አተላ የፈሰሰበትን ወረቀትና ካርቶን የሚገዛ የለም።

ስለዚህ በማድ ቤት ሁለት ማስቀመጫ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ለእርጥቡ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ለደረቁ አንድ ጆንያ። ከሥራ ውላ ለምትገባ እናት ይህ ተጨማሪ ድካም አይደለም፤ ልጣጩ ከቢላዋው ሲወርድ በየቦታው ከገባ በኋላ የሚለቀም ነገር አይኖርም።

ግቢ ያላት እናት እርጥቡን በጉድጓድ እየጨመረች በደረቅ ቅጠልና በአፈር ብታለብሰው፣ እርጥበቱን ብትጠብቅለትና አልፎ አልፎ ብታገላብጠው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ለጎመንና ለጤና አዳም የሚሆን ብስባሽ ታገኛለች። ሥጋና ስብ ግን አይጥና ውሻ ስለሚጠራ መጨመር የለበትም። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩም ከጎረቤት ጋር ተመካክረው በጋራ ግቢያቸው ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

ደረቁን በተመለከተ ገዢው ደጃችን ድረስ ይመጣል። «ቆራሌው!» ሲል የሚሰማው ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ አሮጌ ብረትና ሃይላንድ ይወስዳል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የደረሰው ቆርቆሮም ተቀጥቅጦ ምድጃና ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ሆኖ ወደ ማድ ቤታችን ይመለሳል።

የተሰበረ ብርጭቆ፣ ምላጭና የመርፌ ስለት ግን በጣሳ ውስጥ ተደርጎና አፉ ታሽጎ፣ ለሰብሳቢዋ ተነግሮ መሰጠት ይኖርበታል። በጆንያው ውስጥ የተሸሸገ ስብርባሪ የእርሷን እጅ ይቆርጣል። ፌስታልና ፕላስቲክ በግቢ ማቃጠልም መርዛማ ጭሱን ለራስ ልጆች ማጠን ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ጥራጊ እንዲለይ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። እናቶቻችን ገበያ ይዘውት ይወጡ የነበረው ዘንቢል እንግዲህ ከተሰቀለበት መውረድ አለበት።

ይህ ሁሉ ለእናት ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም። አባትም ሆነ ልጅ የበላበትን ልጣጭ የት እንደሚጥል ይወቅ። ሕፃን ከቤቱ የለመደውን በትምህርት ቤትም በመንገድም አይረሳውም። እህቶች፣ ዛሬ ማታ ሽንኩርት ስንልጥ ሁለተኛውን ባልዲ ከአጠገባችን እናስቀምጥ።