የኪዳኔ ሚስትና ስሟ ያልተጠራው ወጥ ቤት

ገርጂ በአንዲት ጓደኛችን ቤት በወር አንዴ እየተሰበሰብን መጽሐፍ የምናነብ ስድስት ሴቶች ነን። ከሰሚት፣ ከአያት፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም በኩል እየመጣን እንገናኛለን፤ ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ክርክሩ ይጀመራል። ባለፈው ያነሳነው የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነበር፤ በአማርኛ «የጥላው ንጉሥ» ብንለው ያስኬዳል። መዓዛ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር የወጣች፣ በአሜሪካ የምትኖር ደራሲ ናት። መጽሐፉን የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታትሞ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ከደረሱት 6 መጻሕፍት አንዱ ሆኗል። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በ1928ቱ የኢጣሊያ ወረራ ላይ ነው። እኛን ያጣላን ግን ጦርነቱ አይደለም፤ የጦር አለቃው የኪዳኔ ሚስት አስቴር ናት።

«እኔ ይቺን ሴትዮ አልወዳትም» አለች አንዷ። «ወላጅ የሌላትን ልጅ በአለንጋ የምትገርፍ ሴት ምኗ ይወደዳል?»

ሌላዋ አላስጨረሰቻትም። «እሷስ ምን ተደርጋ እንደመጣች አላነበብሽም? ልጇን ቀብራለች እኮ!»

ከአቦል እስከ በረካ እንዲሁ ስንባባል ቆይተን ሳንስማማ ተለያየን። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ሁላችንም አስቴርን እንደ ተከሳሽ አቁመን ገሚሶቻችን ከሳሽ፣ ገሚሶቻችን ጠበቃ ሆነን ነው የዋልነው። እንስታዊ (ፌሚኒስት) ሂስ የሚባለው የንባብ መንገድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

«ፌሚኒስት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ወንድን መጥላት ወይም ሴት የሠራችውን ሁሉ ትክክል ነው ማለት ይመስለዋል። በሥነ ጽሑፍ ንባብ ሲሆን ነገሩ ከዚህ የቀለለም የከበደም ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ያገባች ሴት ስናገኝ ጥሩ ናት ወይስ መጥፎ ብለን ከመቸኮላችን በፊት ኑሮዋን እንድንመረምር ይጠይቀናል። ለባሏ የሰጣት ማን ነው? ስትሰጥ ተጠይቃለች? በቤቱ ውስጥ በስሟ ያለ ንብረት ምንድን ነው? እምቢ ማለት የምትችለው ለማን ነው? ስትናደድስ ንዴቷ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ለእኔ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ አስቴርን ያስተዋወቀኝም እሱ ነው።

ከሠርጓ ሌሊት እንጀምር። የአገራችንን ሠርግ ከውጭ ሆነን እናውቀዋለን። ዳሱ፣ ሚዜዎቹ፣ ጭፈራው፣ በድሮው ወግ ደግሞ የብር አምባሩ ብሥራት ለሙሽራዋ ወላጆች የሚላክበት ደስታ። እነዚህ ሁሉ ከበር ወዲህ ያለው ሰው የሚያያቸው ናቸው። መዓዛ ግን ታሪኩን ከበሩ ወዲያ ታስገባዋለች። ገና ልጅ የሆነች አስቴር በዕድሜ ከሚበልጣት ባል ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናት፤ እሺ አላለችም፤ እሺታዋንም የጠበቀ የለም። ዘፈኑ ውጭ አለ፤ የሚሆነው ነገር ውስጥ አለ። በዚያ ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ቁጭ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ የሄድኩባቸው ሠርጎች፣ ያጨበጨብኩባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ።

ይህ የድሮ ዘመን ነውር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ሕጉን ልጥቀስለት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን 15፣ ለወንድ 18 አድርጎ ነበር፤ በአንቀጽ 635ም ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይላል። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስትም በቤታቸው እኩል ሆኑ። ዛሬም ሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸመውን ብቻ ነው የያዘው። አስቴር ዛሬ በ18 ዓመቷ ቦሌ ክፍለ ከተማ ተፈራርማ ብታገባ፣ ያ ሌሊት በዚህ አንቀጽ ወንጀል አይሆንም ማለት ነው። ልብ ወለዱ የሚያሳየን ሕግ ጭምር ያላየውን ክፍል ነው።

እንግዲህ ይህቺ የተበደለች ልጅ አድጋ ወይዘሮ ስትሆን ምን ሆነች? ሂሩት የምትባል ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ ወደ ቤቷ መጣች። የሂሩት እናት ድሮ ከኪዳኔ ቤተሰብ ጋር የኖረች ስለነበረች ኪዳኔ ልጅቷን እንደ ዕዳ አድርጎ ነው ያስጠጋት። ሠራተኛ ሆነች። አስቴር ልጇ ተስፋዬ ሞቶባት ሐዘን ላይ ናት፤ ባሏ ደግሞ ዓይኑን ሂሩት ላይ ማሳረፍ ጀምሯል። ታዲያ አስቴር የምትቆጣው ማንን ነው? ባሏን ልትገርፍ አትችልም። ለእሱ የሰጧትን ወላጆቿንም እንዲሁ። ልጇን የወሰደውን ሞት አታገኘውም። በእጇ ያለችው ሂሩት ብቻ ናት፤ አለንጋውም ሂሩት ላይ አረፈ።

ቁጣ እንደ ውኃ ቁልቁለት ይወዳል። ከላይ የመጣውን በደል ወደ ላይ መመለስ ያቃታት ሴት ከእሷ በታች ያለችውን ታገኛለች። ይህን ማየት አስቴርን ነፃ ማውጣት አይደለም። የሂሩት ጀርባ ላይ ያረፈው ግርፋት የአስቴርን ታሪክ ስላወቅን አይቀልም። ግን ደግሞ «ክፉ ሴት ናት» ብለን ስንዘጋው ቤቱን እንዲያ አድርጎ የሠራው ሰው ሳይጠየቅ ይቀራል። ኪዳኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጨዋ፣ ጀግና፣ አገር ወዳድ ሆኖ ነው የሚታየው። እሱ ማንንም በአለንጋ መግረፍ አላስፈለገውም፤ ቆይቶ ግን ሂሩትን ራሱ ይደፍራታል፤ ይህንንም የሚያደርገው ለአገሩ እየተዋጋ ባለበት ሜዳ ነው።

ጓደኞቼ ሲከራከሩ ሁለቱም ወገን የዘለለው አንድ ነገር ነበር፦ የሂሩት ጠመንጃ። አባቷ ያወረሳት አሮጌ ውጅግራ አላት። የእኔ የምትለው ንብረት እሱ ብቻ ነው። ኪዳኔ ለጦሩ መሣሪያ ሲሰበስብ ይወስድባታል። ምክንያቱ ከባድ ነው፤ አገር ተወሯል፣ መሣሪያ የለም፣ ማን እምቢ ይላል? ሆኖም ውጅግራው ከልጅቷ እጅ ወጥቶ ወንድ እጅ ሲገባ «ለአገር» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያጠቃልል እናያለን። ሴቶቹ ቁስለኛ እንዲያክሙ፣ ውኃ እንዲቀዱ፣ ሬሳ እንዲቀብሩ ነው የሚፈለጉት። አስቴር ግን የባሏን ካባ ደርባ፣ ፈረስ ላይ ወጥታ ሴቶችን ለጦርነት ትጠራለች። ያ ካባ በጣም ያሳዝነኛልም፣ ያኮራኛልም። የሥልጣን ልብስ የሚባለው የወንድ ልብስ ብቻ ስለሆነ ማዘዝ ስትፈልግ የባሏን መልበስ ነበረባት።

ሴት ለጦርነት መነሳቷ ከደራሲዋ ምናብ ብቻ የወጣ አይደለም። የሴት አርበኛዋን የሸዋረገድ ገድሌን ስም የአርበኞችን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። መዓዛም የራሷን ቅድመ አያት ታሪክ ተናግራለች። ቅድመ አያቷ ገና ልጅ ሳለች በቤተሰብ ስምምነት ተድራ ነበር። የክተት ጥሪው ሲመጣ ከየቤቱ የበኩር ልጅ መዝመት ስላለበት፣ አባትየው ለጦርነት የደረሰ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ጠመንጃቸውን ለልጃቸው ባል ሊሰጡ አሰቡ። ልጅቷ «በኩሯ እኔ ነኝ፤ ጠመንጃውም የእኔ ነው» ብላ አባቷን በዳኛ ፊት ከሰሰች፤ ተፈረደላትና ዘመተች። መዓዛ ይህን ከእናቷ የሰማችው ልብ ወለዱን ለዓመታት ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ነው። የሂሩትን እናት ጌጤ ብላ የሰየመችውም በቅድመ አያቷ ስም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አማርኛ አንባቢዎች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተን አድገናል። ሰብለ ወንጌልን ማን ይረሳታል? እናቷን ወይዘሮ ጥሩአይነትን ግን ስንቶቻችን በስም እናስታውሳለን? ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር አንድ ጣራ ሥር ዕድሜዋን የኖረች ሴት ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ እሷም አለች፤ የዘለልናት እኛ ነን። የፍቅር ታሪክ ስንፈልግ የሚስቲቱን ዝምታ አልፈነው ሄድን። መጽሐፉን ዘንድሮ እንደገና ስታነቡ እሷ በገባችበት ገጽ ሁሉ ቆም በሉ፤ ማን ያናግራታል፣ ማን ይጠይቃታል እያላችሁ ቁጠሩ።

በውጭው ዓለምም ይህ ዓይነት ንባብ ከዚሁ ከሴት ዝምታ ጋር ተላትሟል። በእንግሊዝኛው «ጄን ኤር» ውስጥ የባለጠጋው ሰውዬ የመጀመሪያ ሚስት አብዳለች ተብላ ጣራ ሥር ተቆልፎባት ትኖራለች፤ የራሷን ታሪክ ራሷ አትናገርም። የካሪቢያን ተወላጇ ዣን ሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ለዚያች ሚስት ራሱን የቻለ ልብ ወለድ ጻፈችላት። ጥቁር አሜሪካዊቷ ቤል ሁክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የራሷን የፌሚኒስት ጎራ ሰዎች አፋጠጠች፦ የቤት እመቤቶች ከጓዳ ነፃ ወጥተው ሥራ ይግቡ ስትሉ፣ ልጃቸውን የሚይዝላቸውና ቤታቸውን የሚጠብቅላቸው ማን ነው ብላ። ይህ ጥያቄ እኛ ሰፈር ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ገርጂና ሲኤምሲ ግቢ ሁሉ ከኋላ ሰርቪስ ቤት አለው። ጠዋት እኔ ለሥራ ስወጣ ልጆቼ ለብሰውና በልተው የሚጠብቁኝ ሌላ ሴት ቀድማ ስለተነሳች ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቤት ውስጥ የሚሠራውን የግል አገልግሎት ከሽፋኑ አውጥቶ ለሌላ ደንብ ነው የተወው።

መዓዛ ይህን ታውቀዋለች። በመጽሐፉ ውስጥ ከሂሩትም ከአስቴርም ይልቅ የምታስጨንቀኝ አንዲት ሴት አለች፤ ወጥ ቤቷ። የአስቴርን ምስጢር ሁሉ የምታውቅ፣ በዚያ የሠርግ ሌሊት ዙሪያ የነበረች፣ ወደ ጦርነቱም ድስትና መድኃኒቷን ይዛ የተከተለች። ሂሩት ስም አላት፤ ጠመንጃ አላት፤ መጨረሻ ላይ ታሪኳን የምትናገር እሷ ናት። ወጥ ቤቷ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ወጥ ቤቷ» ናት። ደራሲዋ ስም ልትሰጣት ትችል ነበር፤ ሳትሰጣት የቀረችው እኛ መጓደሉን እንድናየው ይመስለኛል። የሚያሳዝነው አለማየታችን ነው። በዚያ ሁሉ ክርክር ከስድስታችን አንዳችንም ስሟ ማን ነው ብለን አልጠየቅንም።

በወሩ ስንገናኝ ይህንኑ አነሳሁ። ቡናውን የምታፈላልን የቤቱ ሠራተኛ ከረከቦቱ ጎን እንደተለመደው ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሃያ ቢሆን ነው፤ ከወሎ ነው የመጣችው። ስሟን እዚህ የማልጽፈው ስለማላውቀው አይደለም። ስለ ወጥ ቤቷ ስናገር ሲኒ ማጠቧን አቆመች።

«እትዬ፣ መጽሐፉ ላይ ስም የላትም ነው የሚሉት?»

«የላትም» አልኳት።

ትንሽ አሰበችበት። «እንዴት ይሆናል? ሲፈልጓት ምን ብለው ይጠሯት ነበር?»

አስቴርን አልወዳትም ያለችው ጓደኛዬ መጽሐፉን አንስታ ገጽ እያገላበጠች ወጥ ቤቷ የምትጠራበትን ቦታ መፈለግ ጀመረች። ልጅቷም እጇን አድርቃ፣ ፊደሉ እንግሊዝኛ ቢሆንባትም፣ ከጎኗ መጥታ ማየት ያዘች።