ትልቅ ሞተር፣ ቀላል መኪና፣ የጀማ ቁልቁለት፦ ተረትና እውነታ

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥቶ ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር እስከ ለሚ ድረስ መኪናውን ብዙም አይፈትናትም። መንገዱ የሚሄደው በደጋው አናት ላይ ነው፤ ግራ ቀኙ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። ለሚን አለፍ ሲል ግን ሜዳው ያልቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ጀማ ወንዝ ይወርድና ከድልድዩ ማዶ ወደ ዓለም ከተማ ሽቅብ ይወጣል። ሻይ ቤት ውስጥ ስለ መኪና ጉልበት ሲባል የሚውለው ነገር ሁሉ እዚህ ገደል ላይ ሒሳቡ ይወራረዳል።

ከሚባሉት መካከል አንዱ በውጭ አገር መኪና ወዳዶች ዘንድም የቆየ ክርክር ነው። ቤተሰብና ሻንጣ ጭኖ የሚበር ባለ ብዙ ሲሊንደር ስቴሽን ዋገን ያለው ሰው እሱን ሸጦ ትንሽ፣ ቀላል፣ ግን ኃይለኛ ሞተር የተገጠመላት ሃችባክ ቢገዛ ወረደ ወይስ ብልጥ ሆነ? ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ምርጫው በአውዲ አርኤስ6 አቫንትና በጎልፍ ጂቲአይ መካከል ሊሆን ይችላል። አገር ቤት አርኤስ6 እምብዛም አይታይም፤ የእኛ ኃይለኛ ስቴሽን ዋገን ላንድክሩዘር ነው፣ ያውም «ቪ8» ተብሎ በሲሊንደሩ ቁጥር የሚጠራው። በሌላው ጫፍ ቪትዝ አለች። መኪኖቹ ይለያዩ እንጂ አባባሎቹ ያው ናቸው።

«ጉልበት ማለት ሲሲ ነው»

ይህ እምነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ሲሲ በሕግም ትልቅ ቦታ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከአዲስ የቤት መኪና ላይ እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1800 ሲሲ ካለፈ ደግሞ 100 በመቶ እንዲከፈል ደንግጎ ነበር። ኪስ የሚነካ ቁጥር አይረሳም። ይሁን እንጂ ሲሲ የሚለካው ፒስተኖቹ ሲመላለሱ የሚጠርጉትን የሲሊንደር ቦታ ብቻ ነው። አየሩ በቱርቦ ታምቆ ይግባ በራሱ ይሳብ፣ መኪናው ስንት ኪሎ ይመዝን አይናገርም።

ለዚህ ማስረጃው ራሱ ቪ8 ነው። የላንድክሩዘር 200 የናፍጣ ሞተር 4461 ሲሲ ሆኖ በአውሮፓ ገበያ 272 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ተተኪው ላንድክሩዘር 300 ሲመጣ ቶዮታ ሁለት ሲሊንደር ቀነሰ። ሞተሩ ወደ 3346 ሲሲ ወረደ፣ ጉልበቱ ወደ 309 ወጣ፣ መኪናውም በ200 ኪሎ ግራም ያህል ቀለለ። ስምንቱ ሲሊንደር በመቅረቱ ያዘነ ካለ ያዘነው ለድምፁ ነው።

ዳገት ላይ የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ቶን ክብደት ስንት ፈረስ እንደደረሰው ነው። 2.7 ቶን ገደማ ለሚመዝነው ላንድክሩዘር 200 በቶን 100 ይደርሰዋል። 71 ፈረስ ያላት ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ አንድ ቶን ስለማትሞላ በቶን ከ70 ትንሽ ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ጎልፍ ጂቲአይ 810 ኪሎ ላይ 110 ፈረስ ስለነበራት በቶን 136 ነበራት፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ያስቆጠረች መኪና ቪ8ን ትበልጠዋለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣችው ቶዮታ ጂአር ያሪስ ሦስት ሲሊንደርና 1618 ሲሲ ብቻ ይዛ፣ 261 ፈረስ በ1280 ኪሎ ላይ ጭና በቶን 204 ትደርሳለች።

አርኤስ6 ግን ሁሉንም ጥሎ ያልፋል። 600 ፈረስ በ2075 ኪሎ ላይ፣ በቶን 289። ቀጥ ባለ መንገድ ጂአር ያሪስ አትደርስበትም፤ ትደርሳለች የሚል ካለ እሱም ተረት ነው።

«ደጋ ላይ ትንሽ ሞተር ይታፈናል»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር ሁሉ፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ የጉልበቱን ሩብ ያህል እዚያ ያጣል። ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። የቪትዝ 71 ፈረስ ወደ 53 ይወርዳል። ቪትዝ የታፈነችው ግን ትንሽ ስለሆነች ሳይሆን ቱርቦ ስለሌላት ነው።

ቱርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር ራሱ አምቆ ስለሚያስገባ ከጎደለው አብዛኛውን ይተካል። በነጻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ቱርቦው ከወትሮው በፈጠነ ዙር መሽከርከር አለበት፣ የታመቀው አየር ይበልጥ ይሞቃል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ጉልበቱ እስኪመጣ ያለው መዘግየትም ይረዝማል። ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባል። ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ የተሸጠው መርሴዲስ ሲ63 ኤኤምጂ ስቴሽን ዋገን ቱርቦ የሌለው ባለ 6208 ሲሲ ቪ8 ነበር፤ 457 የፈረስ ጉልበት፣ 1800 ኪሎ ገደማ። በባሕር ጠለል በቶን 254 ስለሚሆን ከጂአር ያሪስ 204 በጣም ይርቃል። ሁለቱም ደብረ ብርሃን ቢወጡ ግን ሲ63 ሩቡን ጥሎ ወደ 340 ፈረስ ይወርዳል፤ በቶን 190 ገደማ። ያሪሷ ከቱርቦዋ ጋር ከመቶ አምስት ወይም አስር ብታጣ እንኳ በ184 እና በ194 መካከል ትገኛለች። ሀምቡርግ ላይ የማይገናኙ ሁለት መኪኖች ሰሜን ሸዋ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። የሲሲያቸው ልዩነት አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። አየር ስለማይተነፍስ ለሚም ሆነ ጣርማ በር ላይ ጉልበቱ ያው ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ይህ ለብዙ ገዢ ቁም ነገር ሆኗል። «ኤሌክትሪክ ቀላል ነው» የሚለው ግን ስህተት ነው። በከተማው የተለመደው ቮልስዋገን አይዲ4 በባትሪው ምክንያት ሁለት ቶን ያልፋል፤ አርኤስ6ን የሚያህል ክብደት ነው።

«ቀላል መኪና መንገድ አይዝም»

መንገድ የሚይዘው ጎማ ነው። ኩርባ ላይ መኪናን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ የጎማ የመያዝ አቅም ግን በተጫነበት ክብደት ልክ አያድግም፣ ወደ ኋላ ይቀራል። ለዚህ ነው ከባድ መኪና ሰፋፊ ጎማ የሚያስፈልገው፤ በተከታታይ ኩርባ ላይ አቅጣጫ ሲቀይር የሚዘገየውም ለዚሁ ነው።

ይህን ለማስረዳት የሚኒ ታሪክ ሁልጊዜ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 በሞንቴ ካርሎ ራሊ ፓዲ ሆፕኪርክ በባለ 1071 ሲሲ ሚኒ ኩፐር ኤስ አሸነፈ፤ ቦ ዩንግፌልት በትልቁ ቪ8 ፎርድ ፋልከን ሁለተኛ ወጣ። ድንቅ ታሪክ ነው፣ ሲነገር ግን አንድ ነገር ይዘለላል። በውድድሩ ደንብ የሞተር መጠን እየታየ ሰዓት ይስተካከል ስለነበር ትልቅ ሞተር ያለው ይጎዳ ነበር፤ በንጹህ ሰዓት ፋልከኑ ፈጣን ነበር። ይልቅ የሚያሳምነው የቀጣዩ ዓመት ድል ነው፤ ቲሞ ማኪነን በከባድ በረዶ ውስጥ በሚኒ ያሸነፈበት። መንገዱ ጉልበትን መጠቀም በማያስችልበት ጊዜ ቀላልነት ዋጋ ያገኛል።

የጀማ ቁልቁለትም ጉልበት አይጠይቅም፤ ፍሬን ነው የሚጠይቀው። 2.7 ቶን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ መጥፋት ያለበት ኃይል 26 ሚሊዮን ጁል ያልፋል፤ 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። በ1280 ኪሎ መኪና 40 ሊትር ብቻ ይሆናል። ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይበሉታል፤ የቀረው በፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ ያርፋል። የትልቁ መኪና ፍሬን ትልቅ መሆኑ ይረዳዋል፣ ክብደቱን ግን አያስረሳውም።

ከዚሁ ጋር የማይሞት ተረት አለ፦ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፍሪ አድርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል። በካርቡሬተር ዘመን ትንሽ ያስኬድ ይሆናል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭለት መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፍሪ ሲደረግ ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ የሚጠጣው። በዚያ ላይ የሞተሩ መያዝ ስለሚጠፋ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ከለሚ ቁልቁል የሚጀምር ሰው ባትሪውን መቶ በመቶ ሳይሞላ ቢነሳ ይሻለዋል።

«ከባድ መኪና ነፍስ ያድናል»

ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ማድበስበስም አያስፈልግም። 2.7 ቶን ቪ8 እና አንድ ቶን ቪትዝ እያንዳንዳቸው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ፊት ለፊት ተላትመው ቢጣበቁ፣ የቪ8 ፍጥነት በቅጽበት የሚለወጠው በ32 ነው፤ የቪትዝ በ88። ሰውነትን የሚጎዳው ይህ ለውጥ ነው። በሁለት የቤት መኪኖች ግጭት ክብደት ይረዳል።

የለሚ መንገድ ግን የቤት መኪኖች ብቻ አይደለም። በእንሳሮ ወረዳ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ ኩንታል የሚጓጓዘው በከባድ መኪና ነው። ያው ሒሳብ 40 ቶን ከሚመዝን ባለ ጭነት መኪና ጋር ሲሠራ የቪ8 ለውጥ 112 ይሆናል፣ የቪትዝ 117። ሁለት ቶን ከሚጠጋው ትርፍ ብረት የተገኘው ጥቅም አምስት ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

መኪናው ብቻውን ከመንገድ ሲወጣም ክብደት አይጠቅምም፤ ረጅምና ከፍ ያለ መኪና እንዲያውም በቀላሉ ይገለበጣል። ከክብደት ይልቅ የአሠራር ዘመን ይበልጥ ዋጋ አለው። አነስተኛዋ ቶዮታ ያሪስ እ.ኤ.አ. በ2020 በጠበቀው የዩሮ ኤንካፕ መመዘኛ አምስት ኮከብ አግኝታለች፤ የዚያ ድርጅት ኮከብ የሚያወዳድረው በአንድ መደብ ያሉ መኪኖችን እንደሆነ ግን መዘንጋት የለበትም።

«ትንሽ መኪና ወጪዋ ትንሽ ነው»

ለቪትዝ እውነት ነው፤ ለኃይለኛዋ ሃችባክ አይደለም። ጂአር ያሪስ በፋብሪካው መለኪያ እንኳ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ታልፋለች፤ ባለቤቱ የገዛት ለመርገጥ ስለሆነ እውነተኛው ከዚያ ይበልጣል። ከአርኤስ6 ያነሰ ነው፣ «ቆጣቢ» ለመባል ግን አያበቃም። እንዲህ ያሉ ሞተሮች ለ95 ወይም ለ98 ኦክታን ቤንዚን ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ዝቅ ያለ ሲቀርብላቸው ሞተሩ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል።

ጭነት ላይ ደግሞ ስቴሽን ዋገኑ ያለ ክርክር ይረታል። የጂአር ያሪስ የኋላ ዕቃ መጫኛ 174 ሊትር ነው፣ የአርኤስ6 565። አንድ ኩንታል ጤፍ 120 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ለሚ ገበያ ጤፍ ሊሸምት የወጣ ሰው ያሪስ ውስጥ አንድ ኩንታል ካስገባ በኋላ ለዘንቢሉ ቦታ ይፈልግ። አውዲው ቦታ አያጥረውም፤ እሱን የሚገድበው የጭነቱ ክብደት ነው። ልጆችና ዘመድ ጭኖ ለበዓል አገር ቤት የሚገባ ቤተሰብ ልውውጡን ከመፈጸሙ በፊት የሚያየው ይህን ይሁን፤ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከዚያ በኋላ መጨቃጨቅ ይችላል።

ከሆድ ከፍታ አንጻር ስቴሽን ዋገኑን በሃችባክ የለወጠ ብዙም አይጎዳም፤ አርኤስ6ም ጂአር ያሪስም ለኮረኮንች ዝቅ ያሉ ናቸው። ከላንድክሩዘር የወረደ ሰው ግን ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉድጓድ ያውቀዋል። የጂአር ያሪስ ጎማ 225/40 አር18 ነው፤ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ጎማ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጠርዙ የተሰበረ ጉድጓድ ቸርኬውን ያጣምመዋል። ከእነዚህ ሃችባኮች ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ በምትኩ የሚሰጠው ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ነው፣ ምስማር የበሳውን ይደፍናል እንጂ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ላይ አይሠራም። ያገለገለች ሃችባክ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ኮፈኑን ከማስከፈቱ በፊት አራቱን ቸርኬ በእጁ ዳሶ ቢዞር፣ ጎማው በዚያ ልክ ገበያ ላይ መኖሩንም አስቀድሞ አንድ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡ አይባክንም።